ሳቅና ትምህርት፦ «የዕቃ ታሪክ» የተሰኘው ፊልም ሲመረመር

የተፈጥሮ ሀብት አጠባበቅን ለማስተማር የሚዘጋጁ ፊልሞች አብዛኞቹ ተመልካቹን በማስፈራራት ወይም በመገሠጽ ይጀምራሉ። አሜሪካዊቷ አኒ ሌነርድ በ2007 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው «የዕቃ ታሪክ» ግን ቀልድንና ቀላል የመስመር ሥዕልን መርጧል። በ20 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ፣ አንድ ዕቃ ከማዕድን ማውጫ ተነሥቶ በፋብሪካ፣ በመደብርና በመኖሪያ ቤት አልፎ እስከ ቆሻሻ መጣያ የሚያደርገውን ጉዞ ያሳያል።

የፊልሙ ብርታት፣ በእኛ አስተያየት፣ ተናጋሪዋ ራሷን የቀልዱ ዒላማ ባደረገችበት ክፍል ጎልቶ ይታያል። በ4 ዶላር ከ99 ሳንቲም የሚሸጥ አረንጓዴ ራዲዮ ይዛ ተራ ስትጠብቅ፣ ይህ ገንዘብ እንኳንስ የማዕድኑን፣ የማጓጓዣውንና የሠራተኛውን ዋጋ ይቅርና የመደርደሪያውን ቦታ ኪራይ እንኳ እንደማይሸፍን ይገባታል። ታዲያ ልዩነቱን የከፈለው ማን ነው? ከከፋዮቹ መካከል ትምህርታቸውን አቋርጠው ኮልታን የሚቆፍሩ የኮንጎ ልጆች ይገኛሉ። ተመልካቹ ይሥቃል፤ ሳቁ ሳያበቃም ተራ የሚጠብቀው ገዢ እርሱ ራሱ መሆኑን ያስተውላል።

ድካሙ የሚጀምረው ታላላቅ ኩባንያዎች ባርኔጣ በደፋ ወፍራም ሰው ተመስለው፣ መንግሥትም ጫማውን ሲጠርግለት በሚታይበት ቦታ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ጻድቁ በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ኃጥኡ በአንድ ዓይን በጎኑ ይሣላል፤ ማን ማን እንደ ሆነ አስረጅ አያሻም። ነገር ግን ያ ሥዕል ከስብከትና ከንስሐ ጋር የቆመ በመሆኑ፣ አንድ ዓይናውን የሚያይ ምእመን የገዛ ኃጢአቱንም ያስባል። ባለባርኔጣውን የሚያይ ተማሪ ግን ጥፋቱን ሁሉ በሌላው ትከሻ ጭኖ ሊሄድ ይችላል።

ይህን ስንል ኃያላንን በቀልድ መሸንቆጥ አይገባም ማለታችን አይደለም፤ አለቃ ገብረ ሃናን ያፈራ ሕዝብ እንዲህ ሊል አይችልም። ቅሬታችን ስለ ሚዛኑ ነው። ባለባርኔጣው ደጋግሞ ሲመጣ፣ የኮንጎ ልጆች በመቶኛ ቁጥር ተገልጸው በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይታለፋሉ። ዋጋውን የከፈለው ወገን በታሪኩ ውስጥ ያገኘው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው።

ስለዚህ ይህን ፊልም ለአፍሪካውያን ተማሪዎች የሚያሳይ መምህር ከራዲዮው ቢነሣ፣ ታሪኩንም ከቆፋሪው ልጅ በኩል መልሶ ቢያስተርከው መልካም ነው። ያን ጊዜ ሳቁ ወደ ጥያቄ ይመራል።