ትንቢት ወይስ ትዝታ? የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የቤት ካሴቶችና አድማጮቻቸው

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በመጋቢት 2023 በኢየሩሳሌም ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዕረፍታቸው ሰሞን ስለ እሳቸው የተጻፈው አብዛኛው ነገር በፒያኖ ተጫዋችነታቸውና በምንኩስናቸው ዙሪያ የሚሽከረከር ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በየካቲት 2024፣ ሚሲሲፒ ሬከርድስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ «ሱቬኒርስ» የሚል አልበም አወጣ። እማሆይ በዚህ አልበም በአማርኛ ያዜማሉ። ቅጂዎቹ ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ እሳቸው ራሳቸው ፒያኖ እየመቱ በካሴት የቀዷቸው ናቸው፤ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከቅርብ ሰዎች በቀር አድማጭ አላገኙም። ዓለም ሲያውቃቸው የኖረው ያለ ቃል ነበር። አሁን ቃላቸው መጣ፤ በመጣበት ፍጥነት ግን የተሳሳተ ትርጉም እየተሰጠው ነው የሚል ስጋት አለኝ።

ስጋቴን ለማስረዳት አድማጮቻቸው እንዴት እንደተሰባሰቡ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ የታተሙት ሸክላዎች በጥቂት ቅጂ የተሠሩ፣ ገቢያቸውም ለችግረኛ ልጆች የታሰበ ነበር። ሰፊው አድማጭ የመጣው በ2006 ነው፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው የ«ኢትዮፒክ» ተከታታይ ኅትመት 21ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ ለእሳቸው ተሰጠ። በዚያ ቅጽ ላይ ፒያኖ እንጂ ድምፅ የለም። ከዚያ በኋላ ሥራዎቻቸው በሰነድ ፊልሙ «ታይም» (2020) እና «ፓሲንግ» (2021) በተባለው ፊልም ውስጥ ተሰሙ፤ በ2017 ደግሞ ቢቢሲ ሬዲዮ «የሆንኪ ቶንክ መነኩሲት» የሚል ዘጋቢ ዝግጅት አቀረበላቸው። ቅጽል ስሙ አይመጥናቸውም። ሆንኪ ቶንክ የአሜሪካ መጠጥ ቤት ፒያኖ ነው፤ የእማሆይ ጣቶች ግን የተማሩት በአንድ በኩል ከአውሮፓ ክላሲካል፣ በሌላ በኩል ከቅዱስ ያሬድ ዜማና ከእኛው ቅኝቶች ነው። ይሁንና ስሙን ያወጡትን ሰዎች ክፉ ሐሳብ ነበራቸው ብዬ አልወቅስም። ቃል በሌለው ሙዚቃ ፊት የቆመ አድማጭ ከሚያውቀው ነገር ጋር ማመሳሰሉ የማይቀር ነው። ብዙዎቹ በእሳቸው ፒያኖ ውስጥ የሰሙት ሰላምና ጸጥታ ነበር፤ ለማንበብ፣ ለመተኛት፣ ለማሰላሰል የሚሆን ሙዚቃ።

ካሴቶቹ ይህን ሰላም ይበጠብጡታል፤ እኔም ስለዚህ እወዳቸዋለሁ። የተቀዱበት ዘመን ደርግ አገሪቱን የያዘበት፣ ቀይ ሽብር አዲስ አበባን ያጠቆረበት፣ ሰዓት እላፊ የከተማዋን ሌሊት የቆለፈበት ዘመን ነው። ሙዚቃ ከምሽት ክበብ ወደ ቤት የገባው ያኔ ነው፤ ካሴትም የዘመኑ ዋና ዕቃ ሆነ። የንግድ ዘፈን የሚባዛበት ብቻ አልነበረም። ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ የእናት ድምፅ፣ ለሙሽራ ምርቃት፣ ለሐዘንተኛ ማጽናኛ ተቀድቶበት በሰው እጅ ይላክ ነበር። እማሆይ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖው አጠገብ ቴፕ አስቀምጠው ቁልፉን ሲጫኑ የሠሩት ሥራ ከዚህ ልማድ የራቀ አይደለም። በቅጂው ውስጥ ከመስኮቱ ውጭ የሚንጫጩ ወፎች ይሰማሉ፤ ወንበሩ ሲጥ ይላል። ወዳጆቻቸው እነዚህን ድምፆች በፍቅር ይሰበስቧቸዋል፤ ሙዚቀኛዋ አጠገባቸው የተቀመጡ ያህል ይሰማቸዋልና። እኔ ደግሞ እንደ ማስረጃ ነው የምሰማቸው። ወፍ የሚንጫጫው በማለዳ ወይም በቀን ነው፤ ግቢ ውስጥ ዛፍ አለ ማለት ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነው። አንድ መሐንዲስ «ላጽዳው» ብሎ እነዚህን ቢያጠፋ ከዚያ ቤት የቀረንን ምስክር ይደመስሳል። የአልበሙ አዘጋጆች ስላልነኳቸው ሊመሰገኑ ይገባል።

ወደ ስጋቴ ልመለስ። አልበሙ ሲወጣ አብሮት የቀረበው ማብራሪያ ዜማዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠሩ ሆነው ሳለ ስለ አገር ናፍቆት እንደሚናገሩ በትክክል ያስተውላል፤ ከዚያም ነገሩን ወደፊት ለሚመጣው የኢየሩሳሌም ስደት እንደ ቅድመ ስሜት ያየዋል። እማሆይ ወደ ኢየሩሳሌም ጠቅልለው የሄዱት በ1984 ነው፤ ስለዚህ ናፍቆቱ ከስደቱ ይቀድማል፤ የቀደመ ናፍቆት ደግሞ ትንቢት ይመስላል። ሐሳቡ ያምራል፣ ለመነኩሲትም የሚስማማ ይመስላል፤ ሐያስያንና አድማጮችም ተቀብለው ደጋግመውታል።

ሟች ሙዚቀኞችን በትንቢት ማንበብ የቆየ በሽታ ነው። እንግሊዛዊው ኒክ ድሬክ በ1974 በ26 ዓመቱ ሲሞት ሦስት አልበም ብቻ ነበረው፤ በሕይወቱ ሳለም የገዛው ሰው ጥቂት ነበር። ከሞቱ በኋላ ታንወርዝ ኢን አርደን ወደሚገኘው የወላጆቹ ቤት ወጣት አድማጮች ይመጡ ጀመር። አባቱ ሮድኒ በቤት የተቀዱትን ቴፖች በካሴት እየገለበጠ ይሰጣቸው ነበር። እነዚያ ግልባጮች ከእጅ ወደ እጅ ዞረው ያልተፈቀዱ ሸክላዎች ሆኑ፤ ቤተሰቡ ራሱ መርጦ «ፋሚሊ ትሪ» በሚል ያሳተማቸው በ2007 ነው። ለሠላሳ ዓመት ያህል የተጻፈው ትችት አብዛኛው የመጨረሻዎቹን ዘፈኖች እንደ ሞት ማስታወቂያ ያዳመጠ ነበር። የቤት ቴፖቹ ሌላ ሰው አሳዩ፤ የሌሎችን ዘፈን እየተለማመደ የሚሳሳት፣ የሚስቅ ልጅ። እናቱ ሞሊም በዚያው ቤት የራሷን ዘፈኖች ደርሳ በፒያኖ ትጫወት እንደነበር ታወቀ፤ የኒክ ሐዘን ከሕመም ብቻ የመጣ ሳይሆን ከእናት የተወረሰ የአዘፋፈን መንገድም እንደነበረ መናገር የተቻለው ያን ጊዜ ነው። ያልታተመ ቅጂ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ አድማጩ መጨረሻውን አውቆ ወደ ኋላ የሠራውን ታሪክ ያፈርስበታል።

የእማሆይ ካሴቶችም ይህን የማድረግ አቅም አላቸው፤ ሕይወታቸውን በቅደም ተከተሉ ካስታወስን። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ ያኔ ስማቸው የውብዳር፣ በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ቫዮሊን የጀመሩት እዚያ ነው፤ ለአንዲት ሕፃን ይህ የመጀመሪያው መለየት ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ከያዘ በኋላ በ1937 ቤተሰቡ ታስሮ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም በኔፕልስ አቅራቢያ ወዳለችው ሜርኮሊያኖ ተጋዘ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው በፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር ተማሩ። ለንደን ሄደው ለመማር ያገኙት ዕድል ሲታጠፍ ሌላ መለየት መረጡ፤ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኮሱ፣ በዚያ ተራራ ላይ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። በ1977 ቴፑን ሲከፍቱ እንግዲህ ባሕርን፣ ደሴትን፣ እስርንና ገዳምን ያለፉ የሃምሳዎቹ ዕድሜ ሴት ናቸው። ስለ ስደት ለማዜም የወደፊቱን ማየት አላስፈለጋቸውም፤ ስደትን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። አገር ውስጥ ተቀምጠው ያንጎራጎሩት ከማስታወስ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ጉዳዩ የሕይወት ታሪክ እርማት ሆኖ ይቀር ነበር። ለእኔ ይበልጥ የሚከብደው ሌላ ነገር ነው፦ በእነዚህ ዜማዎች ውስጥ የሚናገረው ማን ነው? የሚናገረውስ ለማን ነው? አንዱ ዜማ፣ ርዕሱ እንደሚያሳየው፣ ሩቅ ላለ ሰው የቀረበ ጥያቄ ነው፤ የምትኖርበት አገር ፀሐይ ነው ወይስ ደመና ይላል። ሌላው አገርን አለመርሳትን ይማጸናል። ሌላው በሰማይ የሚጓዙ ደመናዎችን ያያል። የሄደ ሰው «የምትኖርበት አገር እንዴት ነው» ብሎ አይጠይቅም፤ ይህን የሚጠይቀው የቀረ ሰው ነው። «አገርህን አትርሳ» የሚለውም ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚሸኝ እንጂ ሻንጣ ያነሳ አይደለም። ስለዚህ እነዚህ ቅጂዎች በዋናነት የስደተኛ ዜማ አይመስሉኝም፤ ልጆቿና ዘመዶቿ አንድ በአንድ በሱዳንም በአውሮፕላንም እየወጡባት ባለች ከተማ ውስጥ የቀረ ሰው ዜማ ናቸው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ቤተሰቦች ስንቱ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በደብዳቤ ጽፏል! ናፍቆታችንን የሚተርከው ዘፈንና ሥነ ጽሑፍ ለሄደው ብዙ ቦታ ሰጥቶታል፤ የቀረው ሰው ድምፅ ግን በራሱ አንደበት እምብዛም አልተመዘገበም። ትንቢት የሚለው ንባብ ይህን ይሰርቀናል፤ በቀይ ሽብር ማግስት ስለተቀመጠች ከተማ የሚናገረውን ዜማ ገና ወደፊት ስለሚመጣ የአንዲት ሴት ጉዞ ያደርገዋል።

በዜማ አወጣጡ በኩል እንጉርጉሮ የሚለው የአማርኛ ስያሜ ከማንኛውም የውጭ ምድብ ይልቅ ይቀርባቸዋል። እንጉርጉሮ ታዳሚ አይፈልግም፤ ሰው ሥራ እየሠራ ወይም ብቻውን ተቀምጦ ለራሱ የሚለው ነው። የእማሆይ ድምፅ አነስተኛ ነው፤ ለመድረክ አልተዘጋጀም፣ ለቴፑም አይጮህም። ፒያኖው ብዙ ጊዜ ድምፁን እንደ ጥላ ይከተለዋል፤ ማሲንቆ የአዝማሪን ቃል እንደሚከተል ሁሉ አብሮት ይወጣል፣ አብሮት ይወርዳል፣ ቃሉ ሲያርፍ ጌጡን ይጨምራል። በፒያኖ ብቻ ከተቀዱት ሥራዎቻቸው ጋር ሲተያይ እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ይገለጣል። የውጭ ሐያስያን በፒያኖ ሥራዎቹ ውስጥ ምቱ የሚፈጥነውና የሚዘገየው፣ ሐረጉ የሚረዝመውና የሚያጥረው ከነጻነት እንደሆነ ይጽፋሉ። በካሴቶቹ ላይ ግን ያው መፍጠንና መዘግየት ከአማርኛ ቃል እስትንፋስ ጋር ይሄዳል። ተነባቢው ሲጠብቅ እጁ ይቆያል፤ ቤት ሲመታ ግራ እጁ ያርፋል።

ስለ ወዳጆቻቸው ሥራ ስናወራ የሠሩትን አለማድነቅ ንፉግነት ነው። የእስራኤል ሙዚቀኞቹ ማያ ዱኒትዝና ኢላን ቮልኮቭ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ገዳም በትንሽ ክፍል የሚኖሩትን መነኩሲት ፈልገው አገኙ። እማሆይ በፕላስቲክ ከረጢት የተቀመጡ በመቶ የሚቆጠሩ የኖታ ገጾቻቸውን አስረከቡ፤ ከእነዚያ ገጾች የተዘጋጀው የኖታ መጽሐፍ በ2013፣ ወደ 90ኛ ልደታቸው ግድም፣ ታተመ። ዛሬ በየአገሩ ያሉ ፒያኖ ተማሪዎች ሥራዎቻቸውን የሚጫወቱት በዚህ ድካም ነው። የፒያኖው ሥራ እንግዲህ ተንከባካቢ አግኝቷል። የአማርኛው ግጥም ግን ሊሠራው የሚችለው አማርኛ ሰሚው ነው፤ እኛ ደግሞ እስካሁን በአመዛኙ በኩራት አጋርተን ከማለፍ ያለፈ አልሠራንም።

ሊሠራ የሚገባው ሩቅ አይደለም። የመጀመሪያው የዘመን ቅደም ተከተል ነው። ቅጂዎቹ እስከ 1985 ይደርሳሉ ተብሏል፤ ወደ ኢየሩሳሌም የሄዱበት ዓመት ደግሞ 1984 ተብሎ ይጠቀሳል። እንግዲህ ወይ ከሁለቱ ዓመቶች አንዱ መታረም አለበት፣ ወይ ከካሴቶቹ ጥቂቱ ድንበር ከተሻገረ በኋላ የተቀዳ ነው። ለእኔ ክርክር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ኢየሩሳሌም የተቀዳ ዜማ ካለ፣ በዚያ ዜማ ውስጥ የቀረው ሰው ሄዷል፣ ጠያቂውም ተጠያቂ ሆኗል ማለት ነውና ለብቻው መነበብ ይኖርበታል። የካሴቶቹ ጽሑፍ፣ የክፍሉ ድምፅ፣ የፒያኖው ቅኝት መውረድና መውጣት ይህን ለመለየት ያግዛሉ። ብራና ላይ የጸሐፊ እጅ ለመለየት ስንት ዘመን የሠለጠነ የሊቃውንት ባህል ላለው አገር ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም።

ሁለተኛው የግጥሙ ሂሳዊ እትም ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ በፊደል ተጽፎ፣ ያልተሰማው ቃል ያልተሰማ ተብሎ ተመልክቶ፣ ከአንድ በላይ ቅጂ ያለው ዜማ ልዩነቱ ተቀምጦ። ቅጂዎቹ በስማቸው ከተቋቋመው ፋውንዴሽን ጋር በሚደረግ ስምምነት በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቢገኙ ሥራው ለተማሪዎች ይከፈታል። ከዚያ በኋላ እኔን የሚያጓጓኝ ወደ ፒያኖው መመለሱ ነው። የ2006ቱን ቅጽ የሚከፍተውን «የቤት አልባው መንገደኛ» የሚል ትርጉም ያለውን ሥራ ወስዶ፣ የዜማውን ሐረጎች አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ስድስት ስድስት ቀለም ባለው በወል ቤት ወይም አምስት አምስት ባለው በሰንጎ መገን ይሄዱ እንደሆነ መፈተሽ ይቻላል። ከሄዱ፣ ዓለም ለሃያ ዓመት ያህል ቃል አልባ ብሎ ያዳመጠው ፒያኖ ስንኝ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል፤ ካልሄዱም እማሆይ ሲያዜሙና ሲጫወቱ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ነበሯቸው ማለት ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ጥናት ያስፈልገዋል።