«ግዛ» እና «መልስ»፦ በሁለት የኮምፒዩተር ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ ስያሜ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በቃላት ዝርዝር ውስጥ በያዘው ስፍራ ሳይሆን ቃሉን ያነበበ ሰው በሚፈጽመው ተግባር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምራቸው ቃላት ሰው በገንዘቡ ያገኘውን ሙዚቃና መተግበሪያ ኮምፒዩተሩ በተበላሸበት ጊዜ መልሶ ለማግኘት ሲሞክር የሚያጋጥሙት ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ ተጠቃሚው ቃሉን እንደ ትእዛዝ ስለሚከተለው የስያሜው ጉድለት ወዲያው ኪሳራ ሆኖ ይታያል።

ለምርመራችን መነሻ የሆነን በአንድ የሥራ ባልደረባችን ላይ የደረሰ ነገር ነው። የእኒህ ተርጓሚ የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ይቃጠልባቸዋል። አዲስ ኮምፒዩተር ገዝተው ቀድሞ የከፈሉበትን የመዝገበ ቃላት መተግበሪያ ቢጭኑ፣ መተግበሪያው ገንዘብ እንዳልተከፈለበት ሁሉ ከፊል ክፍሉን ብቻ ይከፍትላቸዋል። ከግርጌው «ግዢዎችን መልስ» የሚል ቁልፍ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቁልፉን ሳይነኩ ሁለት ሳምንት ቆዩ። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው «የገዛሁትን ለምን ብዬ እመልሳለሁ?» አሉን። በኋላ የቁልፉ ትርጉም ተነግሯቸው ቢጫኑት መዝገበ ቃላቱ በሙሉ ተከፈተ። እርሳቸውም ሁሉም ነገር ተመልሷል ብለው የተቃጠለውን ዲስክ ጣሉት። ለዓመታት በየቃሉ ሥር የጻፏቸው የግል ማስታወሻዎች ግን በዚያ ዲስክ ላይ ብቻ የነበሩ ስለሆነ አልተገኙም። እንግዲህ አንድ ቃል አንድን አንባቢ ሁለት ጊዜ አሳሳተ፤ መጀመሪያ መጫን የሚገባውን እንዳይጫን፣ ቀጥሎም መጣል የማይገባውን እንዲጥል አደረገው።

በእኛ አስተያየት አንባቢው ጥፋት የለባቸውም። በአማርኛ «ግዢን መመለስ» ማለት የተገዛውን ዕቃ ለሻጩ አስረክቦ ገንዘብን መቀበል ነው። ቁልፉ የሚሠራው ሥራ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መተግበሪያው ከሻጩ መዝገብ ጠይቆ ደንበኛው መክፈሉን ካረጋገጠ በኋላ የተዘጋውን ክፍል ይከፍታል። ተርጓሚው እንግሊዝኛውን «ሪስቶር» በመዝገበ ቃላት ፈልጎ ያገኘውን የመጀመሪያ ፍች አስቀመጠ እንጂ ማን ለማን ምን እንደሚመልስ አልጠየቀም። በገበያው ቋንቋ ዕቃን ለሻጭ መስጠት፣ በደብዳቤ ጽሕፈት ምላሽ መስጠት፣ በማረም ሥራ የተሰረዘውን ወደ ነበረበት ማምጣት፣ እዚህ ደግሞ የከፈሉበትን ማግኘት ሁሉም «መልስ» ከተባሉ ቃሉ ስያሜ መሆኑ ይቀራል።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን «መልስልኝ» ቢባል ችግሩ ይቃለላል ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም አይበቃም። «መጽሐፌን መልስልኝ» ሲባል «ለእኔ ስጠኝ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ይህን መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍቱ መልስልኝ» ሲባል ግን «ስለ እኔ ሆነህ አስረክብ» ማለት ነው። አሻሚነቱን የሚያስወግደው «አስመለሰ» የሚለው ግሥ ነው። «ርስቱን በፍርድ ቤት አስመለሰ» ስንል ቀድሞ የራሱ የነበረውን ለራሱ እንዳገኘ የሚጠራጠር የለም። «ማስመለስ» ለብቻው ሲቆም በሐኪም ቤት ያለውን ትርጉም የሚያመጣ ስለሆነ ቁልፉ ተሳቢውን ይዞ «የከፈልኩበትን አስመልስልኝ» ቢባል እንመርጣለን። ረዥም ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሁለት ሳምንት ከማስጠበቅ ግን ያጥራል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የረቀቀ ነው። ጤፍ የተበደረች ጎረቤት ሌላ ጤፍ ትከፍላለች፤ ሰፌድ የተዋሰች ግን የምትመልሰው ያንኑ ሰፌድ ነው። አማርኛ «መበደር»ን ከ«መዋስ» የለየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዱ ምትክን፣ ሌላው ራሱን ዕቃውን ይመለከታል። ኮምፒዩተር ከተበላሸ በኋላም ልንለያቸው የሚገቡ ሦስት ሥራዎች አሉ። ባለሙያ ከተበላሸው ዲስክ ላይ ፋይሎችን ሲያወጣ፣ ከእሳት ዕቃ እንደሚወጣ፣ ያ «ማትረፍ» ነው። ባለቤቱ ቀድሞ በሌላ ስፍራ ካስቀመጠው ቅጂ ሲገለብጥ «ከመጠባበቂያ መገልበጥ» ነው። ከሻጩ ዘንድ አዲስ ቅጂ ሲቀበል ደግሞ «ዳግም ማውረድ» ነው። ይህ የመጨረሻው ጤፉን እንጂ ሰፌዱን አያመጣም። ማስታወሻ፣ የግል የዘፈን ቅደም ተከተል፣ ተጠቃሚው ራሱ የጨመረው ሁሉ በሻጩ ዘንድ አልተቀመጠ እንደ ሆነ አብሮ አይወርድም። ሦስቱንም «መመለስ» ብሎ መጥራት ለባልደረባችን ያላገኙትን ተስፋ ሰጣቸው።

ስለ «መጫን» ብዙ አንልም። ጭነትን ከማኖርና ከማውረድ የተወሰዱት «መጫን» እና «ማራገፍ» ጥሩ ጥንዶች ናቸው። ሆኖም ቁልፍን መንካትም «መጫን» ስለ ተባለ «ለመጫን ይጫኑ» የሚል መመሪያ ተወልዷል። ለቁልፉ «ይንኩ» ቢባል ነገሩ ይፈታል። ለኮምፒዩተር ብልሽት «ተከሰከሰ» ማለትም የአውሮፕላን አደጋን ወሬ ከማስመሰል በቀር ጥቅም የለውም። ሕዝቡ «ስታክ አደረገ» እና «ተቃጠለ» እያለ፣ አጥፍቶ በማብራት የሚድነውንና የማይድነውን ለይቶ ይናገራል።

ከሁሉ የሚከብደው «ግዛ» ነው። በግዕዝ የሸመታው ግሥ «ተሣየጠ» ሲሆን «እግዚእ» የወጣበት ሥር የጌትነት ነው። በአማርኛ ግን «ገዛ» ሸመተም፣ በሥልጣኑ ሥር አደረገም ይሆናል። ስለዚህ «ግዛ» የሚለው ቁልፍ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የበለጠ ቃል ይገባል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው የአይቲዩንስ የሙዚቃ መደብር አንዱን ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሸጥ፣ ቅጂውን መጠበቅ የገዢው ኃላፊነት ነበር። ኮምፒዩተሩ የተቃጠለበት ሰው የገዛውን ሙዚቃ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ዳግም እንዲያወርድ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። መደብሩ በቁልፍ የተጠበቀውን ፋይል የሚያጫውቱትን ኮምፒዩተሮች እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ በ5 ወሰነ፤ የተቃጠለውም ከመዝገቡ እስኪሰረዝ ድረስ ከ5ቱ እንደ አንዱ ይቆጠራል። ከሙዚቃው ላይ ይህ ቁልፍ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ከገዢዎች የኪንድል ማንበቢያ ላይ ከርቀት ሰርዞ ገንዘባቸውን መልሷል። «ገዛ» በሚለው ግሥ ፍች ውስጥ ይህ ሁሉ የት ይገባል?

ጉዳዩ በአሜሪካ እስከ ሕግ አውጪ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውና ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው የካሊፎርኒያ ሕግ፣ ሻጩ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ካላሳወቀ «ግዛ» የሚለውን ቃል ለእንዲህ ያለ ዲጂታል ዕቃ እንዳይጠቀም ይከለክላል። ሻጩ ሊያግደው የማይችለውን፣ ገዢው አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለዘለቄታው የሚይዘውን ግን ነጻ ያደርጋል። ሕጉ በአንድ ቃል ፍች ላይ የተሰጠ ብይን ነው ማለት ይቻላል።

የእኛ ቋንቋ ለዚህ ልዩነት ድኻ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሀብትነትን ከአላባ፣ አላባን ከኪራይ ለይቶ በአማርኛ ጽፏል። «ግዛ»ን ከቁልፉ ላይ አንሥቶ ማንም የማይናገረውን አዲስ ቃል መትከልን አንደግፍም፤ ሰው ሁሉ «ዘፈን ገዛሁ» ይላልና። የምንጠይቀው ሻጩ ሊያግደው በሚችለው ነገር ሁሉ ከቁልፉ ሥር «የሚያገኙት የመጠቀም ፈቃድ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር እንዲጻፍ፣ በመዝገበ ቃላትም «ገዛ» በሚለው ሥር ይህ ጠባብ ፍች ተለይቶ እንዲገባ ነው።

እነዚህን ሐሳቦች ያቀረብነው እንዲተቹ ነው። በተለይ «አስመልስልኝ» በየአካባቢው ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ፣ «ማትረፍ»ም ከንግድ ትርፍ ጋር ይምታታ እንደ ሆነ የተርጓሚዎችን አስተያየት እንጠብቃለን።