ፈጠራና የጋራ ደንብ፤ ስለ ጃቫ ክርክር

ፈጠራና የጋራ ደንብ እንደ ባላጋራ ሲቆጠሩ እናነባለን። ለእኛ ግን ዋናው ጥያቄ፥ የደንቡ ጠባቂ ማን ነው? የሚለው ይመስለናል።

ሳን ማይክሮሲስተምስ በ1995 እ.ኤ.አ. ጃቫን ሲያወጣ፥ አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም በማናቸውም ኮምፒዩተር ይሠራል ሲል ተስፋ ሰጠ። ማይክሮሶፍት ፈቃድ ተቀብሎ ከደንቡ አንዳንዱን አስቀረ፤ የራሱንም ጨመረ። ሳን በ1997 ከሰሰ፤ በ2001ም 20 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ታረቀ።

ብዙዎች ስለዚህ ሳንን የደንብ ጠበቃ ይሉታል። እኛም ተስፋውን አምኖ የጻፈው ሰው ድካሙ እንዳይበላሽበት መከላከሉን እናመሰግናለን። ነገር ግን ይኸው ሳን በ1999 ጃቫን ኤክማ ለተባለው የደንብ አውጪዎች ማኅበር ከማስረከብ ወደ ኋላ አለ። ደንብ አፈረሰ የተባለው ማይክሮሶፍት ግን ሲ ሻርፕ የተባለውን ቋንቋ ለዚያው ማኅበር አቅርቦ በ2001 ጸደቀለት።

ማይክሮሶፍት በ1998 በጃቫ ላይ የጨመረው ዴሊጌት፥ ይኸውም የሥራ ትእዛዝን እንደ ዕቃ ለሌላ የሚያቀብለው ዘዴ፥ ከንቱ አልነበረም፤ ጃቫ ለተቀራራቢ ጉዳይ ላምዳን ያገኘው በ2014 ነው። እንግዲህ ጥፋቱ መፍጠሩ ሳይሆን፥ የግል ፈጠራን በጋራ ስም ማውጣቱ ነው። ደንብም በአንድ ባለቤት እጅ ብቻ ከተያዘ፥ ርስት እንጂ የጋራ ደንብ ሊባል አይገባውም።