ከማሳረጊያ ወደ አንቀጽ፦ ሰነድና ሥልጣን በሥነ ጽሑፋችን

በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማኅተምን፣ ደብዳቤንና ቃለ ጉባኤን ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ሥልጣንን መጠየቂያ ማድረግ የታወቀ ስልት ሆኗል። ስልቱ ለእኛ ሥነ ጽሑፍ ባዕድ አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የላስታ ነገሥታት ከተከሰሱበት አንድ ማሳረጊያ ተነሥተን፣ የሰነድን መልክ የለበሰ ድርሰት አንዱን ሥልጣን ሲጠይቅ ሌላውን ሊያነግሥ እንደሚችል ለማሳየት እንሞክራለን።

«ክብረ ነገሥት» ራሱን እንደ ድርሰት ሳይሆን እንደ ተገኘ መዝገብ ነው የሚያቀርበው። ታሪኩ በቅድስት ሶፍያ ቤተ ክርስቲያን ከመጻሕፍትና ከነገሥታት ሀብት መካከል እንደተገኘ በውስጡ ይነገራል። በማሳረጊያው ይስሐቅ መጽሐፉ ከቅብጥ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ የተመለሰበትን 409 ዓመተ ምሕረት ይቈጥራል፤ የዘመኑ ንጉሥ ላሊበላ የተባለው ገብረ መስቀል መሆኑን ይጠቅሳል፤ የጳጳሱንም ስም ያክላል። ዓመት፣ ንጉሥ፣ ጳጳስ፦ ሰነድን ሰነድ የሚያሰኘው ተሟልቷል። ወደ ግእዝ ሳይመለስ የቆየበትን ምክንያት ሲሰጥም፣ ዘመኑ የዛጕዌ በመሆኑና መጽሐፉ እስራኤላዊ ያልሆነን ንጉሥ ሕግ ተላላፊ ስለሚል ነው ይላል። ክሱ በሙግት ሳይሆን በመዝገብ ጸሐፊ ድምፅ፣ እንደ ተራ ማብራሪያ መቅረቡን ልብ ይሏል። ኃይሉም ከዚህ ይመነጫል።

ከዚያ በኋላ የተጻፈው «ገድለ ላሊበላ» ለክሱ ሰነድ በሰነድ አይመልስም። የንጉሡን መመረጥ የሚመሰክሩት ሕፃኑን የከበቡት ንቦችና በሰማይ የታየው የአብያተ ክርስቲያናቱ አምሳል ናቸው። ይሁን እንጂ በቤተ መንግሥት የረታው መዝገቡ ነው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት፣ ኋላም የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው፣ የሰሎሞንን ዘር የዘውድ ሕጋዊ መሠረት አደረጉት። በድርሰት የተነገረው የሕግ አንቀጽ ሆነ።

በዓሉ ግርማ በ«ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) መንገዱን ገለበጠው። ደራሲው የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለማርያምም በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አሥመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው። የዘገባውና የመፈክሩ ቋንቋ ከፍቅርና ከሞት አጠገብ ሲቀመጥ ባዶነቱ ይጋለጣል። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ሁለቱም የመዝገብ ቤትን ድምፅ ተውሰዋል። «ክብረ ነገሥት» ግን አንዱን ማኅተም ፍቆ ሌላውን ያትማል፤ «ኦሮማይ» የሚያትመው ማኅተም የለውም። በእኛ አስተያየት የዚህ ዓይነት ሥራ መመዘኛ መሆን ያለበትም ይኸው ነው። የማን ማኅተም ተቀደደ ብሎ ማድነቅ ግማሽ ሒስ ነው፤ በምትኩ የማን ታተመ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ጥያቄ ሳይነሣ በመቅረቱ ቋጥኝ ፈልፍሎ ያነጸው ሥርወ መንግሥት ለዘመናት የሰው ዙፋን እንደያዘ ሲነበብ ኖሯል። ስለዚህ ተማሪው ማሳረጊያውን ሲያነብ ቀኑንና ስሙን ብቻ ሳይሆን የጸሐፊውንም ድምፅ ይመርምር።