ግዳዩ ከወደቀ በኋላ

ድብ በአገራችን የለም። ስሙ ግን ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ዳዊት በሳኦል ፊት ቆሞ ጎልያድን ልግጠም ሲል የሚያቀርበው ማስረጃ ከአባቱ መንጋ በግ ሊነጥቁ የመጡ አንበሳና ድብ መግደሉን ነው። ብላቴናው የጦር ሜዳ ልምድ የለውም፤ ያለው ትረካው ብቻ ነው። ትረካው የሚያሳምነውም አውሬውን ከሩቅ ስለ መምታቱ ሳይሆን በእጁ ጨብጦ ስለ መያዙ ስለሚናገር ነው። ፉከራ ሲሰማ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ የገዛ ቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። "ዘራፍ" ብሎ የሚነሣ ፎካሪ የጀግንነቱ መለኪያ ቅርበት ነው። ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የጣለ ሰው የዝሆን ጭራ ይዞ ይመለስ፣ ጎፈር ያጠልቅ፣ በሰርግና በግብር ላይ ግዳዩን እየቆጠረ ይፎክር ነበር። ጠመንጃ ርቀትን ካመጣ በኋላ እንኳ ፉከራው ርቀቱን ለመቀበል አልፈቀደም፤ ገዳይና ተገዳይን ሁልጊዜ ፊት ለፊት ያቆማቸዋል። የቃል ግጥም አጥኚዎቻችን ይህን ውበት በሚገባ አይተውታል። ያላዩት፣ ወይም አይተው ያለፉት፣ ፉከራው የሚዘለውን ነው። ፍርሃት የለበትም። ረዳት የለበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አውሬው ሲወድቅ ነገሩ ሁሉ አብሮ ያበቃል።

ረዳቱን እንመልከት። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 በሰቲት ወንዝ አካባቢ ከሐምራን አዳኞች ጋር ሰንብቶ ነበር። እነዚህ ሰዎች ዝሆን የሚጥሉት በፈረስና በሰይፍ ነበር። አንዱ ፈረሰኛ ከዝሆኑ ፊት ገብቶ ራሱን ማባበያ ያደርጋል፤ ዝሆኑ እሱን ሲያባርር ሌላው ከኋላ ደርሶ ቋንጃውን ይቆርጣል። ተጓዡ ጄምስ ብሩስም ከቤከር አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ቀድሞ የዚህን ዓይነት አደን ገልጿል። ግዳይ የሚቆጠረው ለቋንጃ ቆራጩ ይመስላል። የዝሆኑን ትንፋሽ በጀርባው የሚሰማው ግን ማባበያው ነው። ቤከር ስለ ራሱ ማውራት የሚወድ ጸሐፊ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው መጽሐፉ የማባበያውን ስም አልዘለለውም፤ ሮደር ሸሪፍ ይባላል፣ አንድ እጁም የሰለለ ነበር። ደራሲው ቶልስቶይም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1858 በሩሲያ በረዶ ላይ ድብ ጥሎት ፊቱን ሲነክሰው ያዳነው በእጁ አርጩሜ ብቻ ይዞ እየጮኸ የሮጠ ሰው ነው። በኋላ ለልጆች ማንበቢያ በጻፈው ታሪክ ውስጥ ያንን ሰው አስገብቶታል። በፉከራችን ግን ለባለ አርጩሜው የሚሆን ስንኝ አላገኘሁም።

የመጨረሻው ዝምታ፣ ማለትም አውሬው ሲወድቅ የሚመጣው ዝምታ፣ ከሁሉም ይከብደኛል። እሱን የተረዳሁት ከአሶሳ በኩል ስመለከት ነው።

በዳቡስና በዓባይ ቆላ፣ በሽመል ደንና በበጋ በሚቃጠል ረጅም ሣር መካከል፣ ለአዳኝ ቅርበት የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ሣሩ ሳይቃጠል ከጥቂት እርምጃ በላይ አያሳይም። የቆሰለ ጎሽ ደግሞ ዞሮ በራሱ ዱካ ዳር አድፍጦ የሚከተለውን ሰው ይጠብቃል። ስለዚህ በዚህ አገር የአደን ትረካ የአደጋ እጥረት የለበትም፤ ልዩ የሚያደርገው አደጋው የሚገኝበት ቦታ ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ዌንዲ ጀምስ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን ብሉ ናይል፣ የኡዱክ ሕዝብን አጥንታለች። እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው መጽሐፏ ርዕስ ላይ የዞጲ ዛፍ "አድማጭ" ተብሎ ይጠራል፤ ኡዱኮች የተሰወረውን የሕመም መንስኤ የሚጠይቁት በዞጲ እንጨት ነውና። በእነሱ ዘንድ አሩም የሚባል ነገር አለ፤ ከሞተ ሰውም ከተገደለ የዱር እንስሳም የሚቀር፣ ተከትሎ የሚመጣ ኃይል። ዝሆን የገደለ ሰው አውሬው በመሞቱ ከአደጋ አይወጣም፤ አዋቂ ተጠርቶ ሥርዓት ካልፈጸመለት ሊታመም ይችላል። ፉከራው በሚያበቃበት ቦታ የኡዱክ ትረካ ገና ይጀምራል።

ኡዱክን ጉሙዝ ወይም በርታ ማድረግ ስህተት ነው፤ የቋንቋም የታሪክም ልዩነት አላቸው። ነገር ግን ለአሶሳ ባዕድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1990 ድረስ ጦርነት ያፈናቀላቸው ብዙ ኡዱኮች በአሶሳ አቅራቢያ በጾሬ የስደተኞች ሰፈር ኖረዋል፤ ከዚያም በጦርነት ምክንያት እንደገና ተሰደዋል። ጀምስ ከመዘገበቻቸው የአፈ ታሪክ ትረካዎች አንዱ በመጀመሪያው ዘመን ሰውና የዱር አራዊት በአንድ ትልቅ ጭፈራ አብረው ይጨፍሩ እንደነበር ይናገራል። የጭፈራ ጓድን መግደል ደግሞ መዘዝ አለው።

ይህን ትረካ እንደ ቆንጆ ተረት ብቻ ማንበብ አልችልም። የሚናገሩት ሰዎች ራሳቸው የታደኑ ናቸው። ራስ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1897 እና 1898 በዘመቱበት ጊዜ ቤኒሻንጉል ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ተጠቃለለ፤ የአካባቢው ግብርም ወርቅና የዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን ሰውም ነበር። የባሪያ ንግድ ግን ከዚያም የቀደመ ነው፤ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ማኦና እንደ ኡዱክ ያሉ ጎረቤቶቻቸው ከሱዳንም ከደጋም በሚመጡ ፈንጋዮች ለብዙ ትውልድ ተነጥቀዋል። ባርነት በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ አያቶቻችን የደረሱበት ዘመን ማለት ነው። ፈንጋዩ ዳና ይከተላል፣ ያደፍጣል፣ ይከብባል፤ የሚሠራበት ዕውቀት ሁሉ የአዳኝ ዕውቀት ነው። በተሰነጠቀ የዱር ሣር መካከል ለመጨረሻ ጊዜ ፊት ለፊት የተያዩ ስንት ሰዎች እንደነበሩ የሚነግረን ፉከራ የለም። የፉከራ ጥናታችን "ገዳይ" የሚለውን ቃል የጀግንነት ማዕረግ ብቻ አድርጎ ሲያስተምር፣ ተገዳዩ አንዳንዴ ሰው፣ ያውም ያልታጠቀ ሰው፣ እንደነበር አብሮ ሊያስተምር ይገባል እላለሁ።

በኡዱክ አዳኝ ቤት አንድ ዝሆን ሲገደል አዋቂ ይጠራል፣ የገደለው ሰው ይታከማል፣ የሟቹ አሩም እንዳይከተለው ይለመናል። ለፈንገላ ወጥቶ ወደ ቀየው የተመለሰውን ሰው ግን የጠበቀው እልልታ እንጂ መንጻት አልነበረም።