የጅቡ ጉትቻ

በሰሜን ኢትዮጵያ ተረት ቀጥቃጭ «ቡዳ» ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል። ማስረጃው ከጅቡ ጆሮ የተገኘ የወርቅ ጉትቻ ነው። እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ በ1831 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ይህንኑ ወሬ መዝግቧል። ተረቱን እንደ ድርሰት ለሚመረምር ግን ማስረጃው ደካማ ነው፤ ጉትቻ የጥበብ እንጂ የወንጀል ምልክት አይደለም። ተከሳሹ የተፈረደበት በገዛ እጁ ሥራ ነው።

ይህ ባለሙያ ለከሳሹ ምኑ ነው? የጋዝጊብላ ገበሬ ተዳፋቱን የሚያርሰው በቀጥቃጭ ማረሻ፣ አዝመራውን የሚሰበስበው በቀጥቃጭ ማጭድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ስሙ ግን ከተረቱ አልተፋቀም። እንግዲህ ቀሪው ሥራ የደራስያን ነው፤ ቀጥቃጩን ወደ መድረክ ሲያወጡት ከነመዶሻው እንጂ በጅብ ቆዳ አይሁን።