ስዊድናዊው አርክቴክት በሐረር ቤት ፊት

የአንድ የሥነ ሕንጻ ባለሙያ የሥራ ዘመን በምን ይለካል? የተለመደው መልስ ባቆማቸው ሕንጻዎች ብዛትና ግዝፈት ነው የሚል ነው። ባለሙያው ከባሕር ማዶ የመጣ እንደሆነ ግን ይህ መለኪያ ብቻውን አይበቃም። እንግዳው ወደ አገሩ ሲመለስ በአገሬው እጅ የሚቀረው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ከሐረር የተሻለ ሚዛን ማግኘት ያስቸግራል፤ ሐረር የእንግዳን አሠራር ተቀብላ የራሷ ያደረገች ከተማ ናትና።

በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር እንደታነጸ የሚነገርለት የጀጎል ግንብ በአምስት በሮቹ ውስጥ ያቀፈው ቤት፣ የአካባቢው ድንጋይ ከጭቃ ጋር ተዋሕዶ የተሠራ ነው። ከውጭ ለሚያየው ድፍን ግድግዳ ነው። ከውስጥ ግን ሐረሪዎች ነደባ የሚሏቸው፣ ከፍታቸው የተለያየ፣ በቀይ አፈር የተቀቡ መደቦች አሉ፤ ታላቅና ታናሽ፣ ባለቤትና እንግዳ እንደየማዕረጉ የሚቀመጠው በእነዚህ ላይ ነው። ግድግዳውን የሚያስጌጠው የሴቶች የስፌት ሥራ ነው። በዚህ ቤት ቅርጽና ይዘት አይነጣጠሉም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የሕንድ ነጋዴዎች የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት ይዘው መጡ። ከተማዋ ሰገነቱን ተቀበለች፤ ነደባውን ግን አልለቀቀችም። ዛሬ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በራምቦ ስም የሚጠራው ባለፎቅ ቤት የዚያ ዘመን አሠራር ምስክር ነው።

ይህን ሚዛን ይዘን የስዊድን ባለሙያዎች ወደ ሠሩባት ወደ አዲስ አበባ እንሻገር። ስዊድን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቴክኒክ እርዳታዋን ስትጀምር ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ተቀባይ አገሮች አንዷ ነበረች። በ1954 እ.ኤ.አ. በልደታ የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንጻ ኮሌጅ የዚህ ትብብር ፍሬ ነው። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ስዊድናዊው አርክቴክት ኢንግቫር ኤክኖር ስሙ የሚነሣው ከአንድ ታላቅ ሕንጻ ጋር ሳይሆን ከዚህ ትምህርት ቤት ጋር ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ከሌላው እንግዳ፣ ከአርቱሮ መዘዲሚ ጋር ሲነጻጸር ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. በኢጣሊያ ተወልዶ በ1940 አሥመራ የገባው መዘዲሚ፣ በ1961 የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽንና የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት አቁሞልናል። ሁለቱም ያኮራሉ። ነገር ግን ሕንጻ አስተማሪ የሚሆነው ሊያነበው ለሚችል ብቻ ነው። ስዊድናውያኑ የመረጡት አንባቢውን ማፍራት ነበር። ኮሌጁ ማስተማርን ከምርምርና ከግንባታ ዕቃዎች ፍተሻ ጋር አጣመረ፤ በ1961 እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሲቲው ሥር ተጠቃለለ፤ ዛሬም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንጻ ተቋም ሆኖ ቀጥሏል። መሥራቾቹ ሄደው ሥራው አልቆመም። እንግዳ ባለሙያ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለውም።

ሆኖም ሂስ በምስጋና አያበቃም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በስዊድን እርዳታ የተካሄደው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ ለገጠሩ ሕፃን የመማሪያ ክፍል አስገኝቷል፤ ሕዝቡም በገንዘቡና በጉልበቱ ተሳትፎበታል። ዘዴው ግን አንድ ወጥ ንድፍ ማዘጋጀት ነበር። አንድ ወጥ ንድፍ ወጪ ይቀንሳል፣ ሥራ ያፋጥናል፤ በዚያው መጠን ደግሞ የደጋውን ብርድና የቆላውን ሙቀት፣ የአንዱን አገር ድንጋይና የሌላውን አገር ጭቃ በእኩል ዐይን ያያል። የጀጎል ግንበኛ ከዕቃው ተነሥቶ ወደ ቅርጹ ይሄዳል፤ የአንድ ወጥ ንድፍ ባለሙያ ከቅርጹ ተነሥቶ ዕቃ ይፈልጋል። ሕንዱ ነጋዴ ለሐረር ሰገነት ሲሰጥ ከሐረር ቤት ጋር መነጋገር ነበረበት፤ ከማዕከል የተላከ ንድፍ ግን የሚናገር እንጂ የሚያዳምጥ አይደለም።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። መዝገብ ግን ግድግዳ አይጠግንም። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከውስጥ ያበላሸዋል፤ ለመጠገን የታሰበው ማፍረሻ ይሆናል። ይህን በላቦራቶሪ የሚያውቀው የኮሌጁ ተመራቂ ነው፤ በእጁ የሚያውቀው ደግሞ የሐረር ግንበኛ ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ ዕውቀቱ በሁለት ተከፍሎ ይሞታል።

ስለዚህ የስዊድናዊው አርክቴክት የሥራ ዘመን ገና ያልተዘጋ መዝገብ ነው። መለኪያና መሣሪያ ሰጥቶናል፤ ምን እንደምንለካበት የመምረጡ ኃላፊነት የእኛ ነው። ወጣቱ ነዳፊ ሜትሩን ይዞ የጀጎልን ደፍ ሲሻገር በመጀመሪያ ከታችኛው ነደባ ላይ እንደ ተማሪ ይቀመጥ። የመምህሮቹን ሥራ ከፍጻሜ የሚያደርሰው ያን ጊዜ ነው።